ሂዊ በየደጁ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 14

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለየኔታ አካለ ወልድ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ከጻፍሁ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ጥቂት ቆየሁ፤ ግን ደህና ነኝ። መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እናቴ የሰማችው እውነት ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቼ አወራለሁ። አላበድሁም። የማዘጋጀው ነገር ፖድካስት ይባላል። ራዲዮ ማለት ነው፤ ግን ጣቢያ የለውም፣ ሰዓት የለውም፣ አለቃ የለውም። አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይናገራል፣ ድምፁን በስልኩ ይቀዳል፣ ያልወደደውን ይቆርጣል፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ያወጣዋል። የፈለገ ሰው በፈለገው ሰዓት፣ ባለበት አገር ሆኖ ያዳምጠዋል። ያልፈለገ አያዳምጥም። እስካሁን ያዳመጠ የለም፤ ገና አላወጣሁትምና።

ቁም ሳጥኑ ያስፈለገው ክፍሌ ባዶ ስለሆነ ነው። ግድግዳው የምናገረውን መልሶ ይነግረኛል። ይህን ሥራ የሚያስተምሩ ሰዎች ልብስ መካከል ግቡ ይላሉ፤ ልብስ ድምፅ ይውጣል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቀሚሶቼ መካከል እቀመጣለሁ፣ ጋቢ እከናነባለሁ፣ ስልኩን ጫማ ላይ አቆመዋለሁ። አከራዬ በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍታ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ጠበል ታመጣልኛለች። ለእናቴም የነገረቻት እሷ ትሆናለች።

ስሙን «ያልተባለ» ብዬዋለሁ። ሰዎች ሊሉት ፈልገው ያላሉትን የሚናገሩበት ነው። ለመጀመሪያው ክፍል የሚናገር ሰው ስላጣሁ እኔው ገባሁበት።

ከባዱ መናገሩ አይደለም። የራስን ድምፅ መልሶ መስማት ነው። ያቺ ሴት ማን ናት? ቃል ልትጀምር ስትል ትንሽ ታስላለች፤ በር አንኳኩቶ ልግባ ይሆን ወይ እንደሚል ሰው። እኔ ስናገር ፍርሃቱ አይታወቀኝም። ቀረጻው ላይ ብቻ ነው ያለው። ሳሉን ልቆርጠው ሞከርሁ፤ ከእሱ ጋር የቃሉ አፍ ይቆረጣል። ተውሁት።

ስለ ዓለምነው ለጠየቁኝ፤ ደህና ነው። ደጀን ከተማ፣ ፋርማሲው ውስጥ ነው። ደህና ይመስለኛል። እናቴ ለሚያዝያው ሠርግ ከአሁኑ ጌሾ ገዝታ ማስጣት መጀመሯን ሰምቻለሁ። ገና ኅዳር ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ስልክ አልይዝም ማለትዎን ስለማውቅ በሚኒባሱ ሹፌር በገዳሙ እጅ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ልኬያለሁ። የሰንበት ተማሪዎች በሰጡዎት ራዲዮ ጎን ቀዳዳ አለ፤ እዚያ ትግባ። እባክዎ ሰምተው የሚበዛውን ይንገሩኝ። እንደ እርስዎ ትርፍ ቃል የሚጠላ ሰው አላውቅም።

የእህትዎ ልጅ ሥራነሽ

•

ከጉባኤ ቤቱ፣ ከአምበር ማዶ፣ ኅዳር ፳፮

ይድረስ ለልጄ ለሥራነሽ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልል።

ካርዷ ደርሳኛለች። መጀመሪያ ገልብጬ አስገባኋትና ራዲዮው ጮኸብኝ። ከዚያ አንቺ መጣሽ። «እንደምን አላችሁ?» አልሽ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ልል አፌን ስከፍት አልፈሽ ሄደሻል። እንደገና ከፈትሁትና ፈጠን ብዬ መለስሁ፤ አሁንም ሳትሰሚኝ ሄድሽ። የሰውን ደህንነት ጠይቆ መልሱን ሳይሰሙ መሄድ ከተማ ውስጥ የተለመደ ነው? ጥቂት ቦታ ተዪ። ሰው ይመልስ።

መካከል ላይ ሙዚቃ ይመጣል። ማን ጠራው? አውጪው።

ስለ ፍርሃት ስትናገሪ ደግሞ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል። እሱን እንዳትነኪው። በንግግርሽ ውስጥ የሚለውን አውቆ የሚናገር እሱ ብቻ ነው።

ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ። «እኔ ሂዊ ነኝ» ትያለሽ። አባትሽ ያወጣልሽን ስም አውቃለሁ፤ የክርስትና ስምሽንም አውቃለሁ። ሂዊ በሁለቱም የለችም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ እንዲህ ከሆነ ቀሪውን በምን ልመነው? ይህች ሂዊ እጮኛዬን መናኸሪያ ላይ ቆሜ አላገባህም አልሁት ትላለች። እናቴ አታውቅም ትላለች። እናትየዋ ድግስ እያሰናዳች ነው ትላለች።

ይህን ከየት አመጣሽው? ከዓለምነው ጋር ተጣልታችኋል? ደህና ይመስለኛል ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ ስለ እጮኛ እንዲህ አይጻፍም። እናትሽ ጥጥ ማስፈተል ጀምራለች። በግልጽ መልሺልኝ።

አጎትሽ አካለ ወልድ

•

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 3
(ያልተላከ)

የኔታ፤

ሂዊ እኔ ነኝ።

ዓለምነውን በጥቅምት ወር ደጀን መናኸሪያ ላይ አላገባህም አልሁት። ምንም አላጠፋም። ችግሩ ይህ ነው። አጥፍቶ ቢሆን ለእናቴ የምነግራት ነገር ይኖረኝ ነበር። ያየሁበት ነገር አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሬን ይጨርስልኛል። እኔ ጀምሬ ቃል ስፈልግ እሱ ያገኘውና ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ደግሞም እኔ ከምጨርሰው አሳምሮ። እንዴት አድርጌ በዚህ ሰው እከሳለሁ?

እናቴ ደግሞ እንድጀምር አትፈቅድልኝም። እማዬ ስላት በላሽ ትለኛለች።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ጀምሬ የጨረስሁት ነገር ቢኖር ያ የመናኸሪያው «አላገባህም» ነው። እሱንም አውቶቡስ ጥሩምባ ስለነፋበት መድገም ነበረብኝ።

ዓለምነው ለእናቴ እስክነግራት ዝም እንዲል ለምኜው ዝም ብሏል። እኔ ግን አልነገርኋትም። ጌሾው ይሰጣል፣ ጥጡ ይፈተላል፣ እኔ እንዴት ዋልሽ ብዬ ስልክ እዘጋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን አሰብሁ። እናቴ ስልኳ በቁልፍ የሚሠራ ነው፤ ኢንተርኔት የላትም። ነገሩን ለዓለም ሁሉ ብናገረው የማትሰማው እሷ ብቻ ናት። ለዓለም መናገር ይቀላል። ዓለም ጌሾ አላሰጣም።

እናቴ ብትሰማ

•

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 5

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ምክርዎ ሁሉ ልክ ነው። ሙዚቃውን አውጥቻለሁ። ከሰላምታው በኋላ ሰው ደህና ነኝ ለማለት የሚበቃው ዝምታ ትቻለሁ። ባጃጁ እንዳለ ነው። አዲሱን ቅጂ ገዳሙ ያመጣልዎታል።

ስለ ሂዊ አይጨነቁ። የፈጠርኋት ልጅ ናት። ታሪክ ስለሆነ ስም አስፈለጋት። እጮኛውም የለም፤ እናትየዋም የለችም። ዓለምነው በጣም ደህና ነው።

እኔም ዝግጁ ነኝ ብዬ ላወጣው ተቀምጬ ነበር። ማውጣት ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ድረ ገጹ ሥዕል አምጪ አለኝ። የተዘጋ በር ፎቶ አነሣሁ፤ የአከራዬ እግር ገባበት፤ እንዳለ ሰጠሁት። ከዚያ መደብ ምረጪ አለኝ፤ ጤና፣ ስፖርት፣ ንግድ፣ ሃይማኖት እያለ ይወርዳል። ለእኔ የሚሆን መደብ የለም። ጤና ውስጥ አስገባሁት። ሰው ለጨጓራው ምክር ፈልጎ ቢመጣ ምን ያገኛል ብዬ አወጣሁት። ንግድ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያም አወጣሁት። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን ነካሁና አውጣ የሚለውን ተጫንሁ።

ኢንተርኔቱ የዚያን ጊዜ ሄደ። በከተማው ሁሉ ነው። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ይኸው ሳምንት እየሆነው ነው፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ነገር ስልኬ ውስጥ ተቀምጧል። ከእርስዎ በቀር አንድ ጆሮ አላገኘም። አዝኛለሁ። በእውነት አዝኛለሁ።

ሥራነሽ

•

ከጉባኤ ቤቱ፣ ታኅሣሥ ፳፪

ይድረስ ለልጄ ለሥራነሽ፤

የልደትን በዓል በሰላም ያድርስሽ። የፈጠርኋት ናት ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ልቤ ዐርፏል። አሁን እንደ አጎት ሳይሆን እንደ መምህር ልናገር።

ከሁሉ ያማረችልሽ እናትየዋ ናት። ልጅቱ «እማዬ» ስትል «በላሽ?» የምትላት፤ «አይ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ» ስትል «እስቲ መጀመሪያ ውኃ ጠጪ» የምትላት። እንዲህ ያለች ሴት በዕድሜዬ አላየሁም፤ ነገር ግን የማውቃት የማውቃት መሰለኝ። ፈጠራ ሲያምር እንዲህ ነው። እህቴ ወለተ ማርያም ብትሰማት ትስቃለች።

የሚበዛውን ንገረኝ ብለሽ ነበር። እኛ ዘንድ ይህ በአንድ መስማት አይታወቅም። ቃል በቃል ተይዞ፣ ተቀጽሎ፣ ማለት በቃል ተደጋግሞ፣ ሰንብቶ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቹ ሰጠኋቸው። ታናናሾቹን የሚያስቀጽለው ትልቁ ተማሪ ወልደ ሩፋኤል ራዲዮውን ታቅፎ ዛፍ ሥር ተቀመጠና ሲነሣ ሙሉውን ይዞታል። ሳልሽን ሳይቀር። ሳሏን ተዋት፣ እሷ ከንግግሩ አይደለችም ብለው፣ «የኔታ፣ እንደ ተቀበልሁ ነው የማቀብለው» አለኝ። ይህን ያስተማርሁት እኔ ስለሆንሁ ሳሏ ትኑር አልሁ። ከታናናሾቹ አንዱ ባጃጁን ይዟል። በጣም ይዋጣለታል።

ጉባኤው ግን ለሁለት ተከፍሏል። ከፊሎቹ የሂዊ እጮኛ ዓረፍተ ነገሯን አሳምሮ መጨረሱ ጸጋ እንጂ ጥፋት አይደለም አሉ። ቅኔ ሲቆጥር ቤት የጎደለበት ሰው፣ ቤቱን የሚመታለት ጓደኛ ቢያገኝ ይስመዋል እንጂ መናኸሪያ ላይ ጥሎት አይሄድም አሉ። እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ወልደ ሩፋኤል ግን «ቤቱን ሌላ ሰው የመታው ቅኔ የማን ቅኔ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ምሳችንን በላን።

አንድ ጆሮ አላገኘም ያልሽው ነገር ሆዴ ገብቷል። ስለ እሱ ጥቂት አድርጌያለሁ። አሁን አልነግርሽም። ስትሰሚው ደስ ይልሻል።

አጎትሽ አካለ ወልድ

•

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 8

የኔታ፤

ሰላምታዬ እንዳለ ሆኖ፤ ምን አደረጉ?

ዛሬ መናኸሪያ ሳልፍ ገዳሙ ጠራኝ። ያቺ ሂዊ የሚሏት ልጅ የማርቆስ ናት አሉ፣ ታውቂያታለሽ ወይ አለኝ። ከየት ሰማህ አልሁት። አምበር ያልሰማ ሰው አለ እንዴ አለኝ። ባለቤቱ ስታለቅስ ዋለች አለኝ፤ እሱ ግን ያዘነው ለተተወው ልጅ ነው። ከዚያ ሻንጣ ወደ ላይ እያቀበለ ንግግሬን ከእኔ ይልቅ አስተካክሎ ይወርደው ጀመር። ባጃጁ ጋ ሲደርስ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ የራሱን ጥሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ሳቀ። ቃሉን ሁሉም አስቀድመው የሚያውቁት መሰለኝ።

ኢንተርኔቱ እኮ አልተመለሰም። እኔ አላወጣሁትም።

ሌላው ሁሉ ይቆይና አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ነገሩ እናቴ ሰፈር ደርሷል?

ሥ.

•

ከጉባኤ ቤቱ፣ ጥር ፲፫

ይድረስ ለልጄ ለሥራነሽ፤

ጥምቀትን እንዴት ዋልሽ? እኛ ደህና ውለናል። መጀመሪያ ያደረግሁትን ልንገርሽ፤ ከዚያ የሆነውን እነግርሻለሁ። በዚህ ቅደም ተከተል ስጽፈው ትንሽ ይቀለኛል።

ጆሮ አጣ አልሽኝ። እኔ ደግሞ በየቀኑ በየደጁ የሚቆሙ ልጆች አሉኝ። በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ቁራሽ ይለምናሉ፤ ሰው ወጥቶ እስኪሰጣቸው ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ። ያ ጊዜ ባክኖ የሚቀር ነው። በዚያ ጊዜ የአንቺን ንግግር ይበሉት አልሁ። ምክር አለበት፣ ልጅ እናቷን እንዳትፈራ ያስተምራል ብዬ አሰብሁ። የደብሩ አለቃ ጠርቶ ይህ በየትኛው መጽሐፍ ነው ቢለኝ፣ ገና አልተጻፈም፣ እየተሰማ ነው አልሁት።

እንዲህ ነበር። ወልደ ሩፋኤል ደበሎውን እንደ ለበሰ፣ ጺሙን እንዳበቀለ ደጅ ላይ ይቆምና «እኔ ሂዊ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ላገባ ነበር» ይላል። ውሻው እንኳ ዝም ይላል። «እንደምን አላችሁ?» ብሎ ቦታ ሲተው ቤተሰቡ በሙሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ሴቶች ሰፌዳቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከዚህ በፊት አኩፋዳቸው እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። አንዲት ባልቴት አይዞሽ ልጄ ብላ ወልደ ሩፋኤልን ግንባሩን ስማዋለች።

አሁን የሆነውን ልጻፍ።

የእናትሽ ደጅ ከመንገዳቸው ላይ ነው። አልከለከልኋቸውም፤ ትስቃለች ብዬ ነበር። ቆሎ ይዛ ወጣች አሉኝ። መጀመሪያ ፈገግ እያለች ሰማች። «በላሽ?» የሚለው ጋ ሲደርሱ እጇ አኩፋዳው አፍ ላይ ቀረ። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እናትየዋ ያለችበትን ድገሙት አለቻቸው፤ ደገሙት። ወልደ ሩፋኤልን ያ ሳል የአንተ ነው ወይ አለችው። አይደለም፣ የባለቤቲቱ ነው አላት። ቆሎውን ሰጠቻቸው። ገና ከደጁ ሳይርቁ ጌሾውን ከፀሐይ ስታነሣ አይተዋታል።

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣች። ከሩቅ አየኋትና ለጉልበቴ ቅባት ያመጣችልኝ መሰለኝ። ተቀመጠች። ሂዊ ማን ናት አለችኝ። የፈጠራ ልጅ ናት አልኋት። አየችኝ። ልጆች ሆነን ስንኖር፣ ባሏ በሞተ ጊዜ፣ በሌላም በብዙ ነገር አይታኛለች፤ እንዲህ ግን አይታኝ አታውቅም።

ሥራነሽ፤ ከቃል በታች የተሸሸገውን ስፈልግ ሸምግያለሁ። ከላዩ የተቀመጠውን አላየሁም። አሁን እኔም እጠይቃለሁ። ሂዊ ማን ናት?

አጎትሽ አካለ ወልድ

•

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 17

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

በታኅሣሥ ጽፌ ያልላክሁት ደብዳቤ ነበር። ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። መጨረሻው አልተጻፈም። ሁለት ሦስት ቀን ልጨርሰው ሞከርሁ፤ «እናቴ ብትሰማ» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው አሁን አይሠራም።

ስለዋሸሁዎት ይቅርታ። በእርስዎ አልተቀየምሁም። መቀየም ፈልጌ ነበር፤ ግን ወልደ ሩፋኤል ግንባሩን ሲሳም እያሰብሁ አልሆንልኝ አለ።

እናቴ ስልክ አታነሣም። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል። ድሮ እንዳልጀምር ያደረገኝን «በላሽ?» ዛሬ ብትለኝ ብዬ እጓጓለሁ። የምትተወው ሠርጉን ይሆን እኔን? ከሁለቱ አንዱን ትሰርዛለች። የትኛውን እንደሆነ የሚያውቁ ከሆነ ይጻፉልኝ። የማያውቁም ከሆነ ይጻፉልኝ።

ዓለምነው ደወለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደጀን ላይ መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ ነግሮታል፤ እያዘነ፣ ለማን እንደሚነግር ሳያውቅ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ምንም አላጠፋም» የሚለው ቦታ በዝቅተኛ ድምፅ ነው የሚባለው አሉ፤ ትንሽ ከፍ ቢልልኝ አለ። እሺ አልሁት። ከዚያ እኔም አንድ ነገር ልለው ጀመርሁ፤ መካከል ላይ ቃል ጠፋኝ። እንደ ለመደው ይሞላዋል ብዬ ዝም አልሁ። እሱ ግን እንድጨርስ ይጠብቀኝ ነበር። ረጅም ጊዜ ጠበቀኝ። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላስታወስሁም።

ለተማሪዎቹ ይንገሩልኝ፤ ይበቃል፣ ከዚህ በኋላ አይበሉት።

ሥራነሽ

•

ከጉባኤ ቤቱ፣ የካቲት ፩

ይድረስ ለልጄ ለሥራነሽ፤

ደብዳቤሽን አነበብሁት፤ ያልተላከውንም። ይበቃል በሉልኝ ያልሽውን ለልጆቹ ልነግራቸው ተነሥቼ ነበር። ዘገየሁ። እናትሽ ቀደመችኝ።

መጣችና እኔን እልፍ ብላ ልጆቹ መካከል ተቀመጠች። ወልደ ሩፋኤልን እኔም ልስጥህ፣ ትይዛለህ አለችው። ያዝ ካሉኝ እይዛለሁ አላት። ተናገረች። ረጅም ነው። እሱ ይመልስላታል፣ እሷ ታርመዋለች፤ እዚህ ጋ ፈጠን በል፣ እዚህ ጋ ቁጣ የለበትም ትለዋለች። ስታበቃ ሳሌን ተወው አለችው። ሳይወድ ተወ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ይላሉ። መጀመሪያ ሂዊን፣ ቀጥለው እናቷን። ሰው አሁን ሁለተኛው ሳይባል ቆሎ አይሰጥም። የዓለምነው ሽማግሌዎችም በየደጃቸው ሰሙት፤ አንደኛው ለእናትየዋ አደላ፣ ሌላው ለሂዊ፣ በዚሁ ተኳርፈዋል። እናትሽ ጠራቻቸውና በጨዋ ደንብ አመስግና ነገሩ እንደ ቀረ ነገረቻቸው። ዓለምነውም አስቀድሞ ለአባቱ ተናግሮ ስለነበር ክፉ ቃል አልተነሣም። ጌሾው ለጎረቤት ሠርግ ሄዷል። ስለዚህ ከሁለቱ የተሰረዘው ሠርጉ ነው። ስለ ሁለተኛው የምጽፍልሽ አላውቅም። ስምሽን ሳነሣ ስለ ዝናብ ታወራኛለች።

የተናገረችውን ግን ጽፌ እንዳልልክልሽ አስምላኛለች። «ብትጽፍላት ብቻዋን ታነበዋለች» አለችኝ። እኔም ቃል ገብቻለሁ። አንዲቱን ብቻ እሰርቅልሻለሁ፤ መጀመሪያዋን፤

«እኔ የሂዊ እናት ነኝ። ልጄ ዓለም ሁሉ ይስማኝ ስትል እኔን ከዓለም ለምን እንዳወጣችኝ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።»

እዚህ ላይ ልጆቹ ይቆማሉ። እንዲመለስላት ቦታ ትታለች። ለሰላምታው የሚመልሰው ቤት ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል አሉኝ።

ጾሙ ሳይገባ ነዪ።

አጎትሽ አካለ ወልድ

•

አምበር፣ ከእናቴ ቤት፣ የካቲት 8

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

ትናንት ገባሁ። ሳልመጣ አለመጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ከጻፍሁ የምቀር መሰለኝ።

ቀላሉን ዜና ላስቀድም። ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ፖድካስቱም ወጥቷል። እናቴን ጠይቄ ነው ያወጣሁት፤ አምበር ከሰማው ወዲያ ማን ቀረ አለችኝ። እስካሁን አንድ አድማጭ አለኝ። ያለው ደጀን ነው። ሦስት ጊዜ ሰምቶታል። ከፍ ያለችውን ቦታ እየፈለገ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሌላው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች እስክንወርድ ድረስ በእኔና በእናቴ ሲከራከሩ መጡ። አንደኛዋ ልጅቱ ጥጋበኛ ናት አለች። ሌላዋ አይደለም፣ ድንጉጥ ናት አለች። ዞሬ ማን እንደሆንሁ ልነግራቸው አሰብሁ። ግን የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። መንገዱን በሙሉ አጠናሁ። እማዬ፣ ስላልነገርሁሽ ይቅር በይኝ። እማዬ፣ ፈርቼ ነው። እማዬ፣ ዓለምነው ምንም አላጠፋም። ከቀረጻው የተሻለ አድርጌ አስተካከልሁት፤ የሚበዛውንም ቆረጥሁ።

እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ ለጾሙ ምስር ትለቅማለች። ሳመችኝ። እንዴት ገባሽ አለችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ስለ መብል አልጠየቀችኝም። ምን ያህል እንዳስደነገጠኝ ልነግርዎት አልችልም።

አጠገቧ ተቀመጥሁና ጀመርሁ። እማዬ አልሁ፣ ስላልነገርሁሽ አልሁ፣ ፈርቼ ነው አልሁ። አላቋረጠችኝም። ምስሯን ትለቅማለች። እሷ ዝም ባለች ቁጥር እኔ እየፈጠንሁ ዓለምነው ጋ ደረስሁ፣ ምንም አላጠፋም አልሁ፣ በከፍተኛ ድምፅ። ያን ጊዜ ቀና ሳትል፣

«ይህን ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። «በቃሌ ይዤዋለሁ። ያልሰማሁትን ንገሪኝ።»

የኔታ፤ አንድም አልነበረኝም። ያጠናሁት ሁሉ በየደጁ ተብሎ አልቋል። ያለኝን ሁሉ ልጆቹ ቀድመውኝ ነግረዋታል፤ ሳሌንም ጭምር። ባዶ እጄን ተቀመጥሁ። ጎረቤት በግ ይጎትታል። እናቴ ምስሩን ከአንዱ የሰፌድ ጫፍ ወደ ሌላው ታንከባልላለች። አንዴ አፏን ልትከፍት ስትል አየኋትና መልሳ ዘጋችው፤ ከንፈሯን በጥርሷ ያዘችው፤ ይህን ስታደርግ አይቻት አላውቅም። ጠበቀችኝ።

ከዚያ ነገርኋት።

ምን እንዳልኋት ለእርስዎ አልጽፍም። ይቅር ይበሉኝ። አላመረም፤ ሰዋስው የለውም፤ ሁለቴ መነሻው ጠፍቶኝ ተመልሻለሁ። እናቴ በንግግሯ ለመልስ ለተወችው ቦታ መልሱ እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ስጨርስ ምስሩን አስቀመጠችና እሷም ወልደ ሩፋኤል ያልያዘውን ነገረችኝ። እሱንም አልጽፍም።

በዚህ መካከል ልጆቹ ከደጅ ደረሱ። በእንተ ስማ ለማርያም አሉ። ወልደ ሩፋኤል ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ተነሥታ ቁራሹን ሰጠቻቸው፣ ለእያንዳንዳቸው፤ ከዚያ «ዛሬ የሚባል የለም» አለቻቸውና በሩን ዘጋች።

ሥራነሽ